ጥሩንባ የማይነፋለት እሳት

አያ አድማሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ አናጢው ሙሉቀን ስልክ ደውሎ፣ «መምህር፣ አያ አድማሱ ሞጣ ላይ ዐረፉ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ የእድራችን ጥሩንባ በብቸና መንገድ ላይ ተነፋ። ነፊው አዲስ ሰው ነው፤ ትንፋሹ ያጥራል፣ ስሙንም ሲጠራ ይጣደፋል። ሠላሳ ዓመት ያህል የሰውን ሞት ሲያሰሙ የኖሩት አያ አድማሱ፣ የራሳቸው ሞት በሌላ ሰው ትንፋሽ ተነገረ። ነጠላዬን ፈልጌ አዘቅዝቄ ለበስሁ፤ ጎረቤቱም እንደዚያው አድርጎ፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ወደ እድሩ ቤት ወጣ። ይህን አለመቸኮል የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ እርሳቸው የምጽፈውን ሁሉ እርግጠኛ ሆኜ አልጽፍም። ዕድሜዬን በሙሉ ጂኦግራፊ ሳጠናና ሳስተምር፣ ማስረጃ የሌለውን ነገር «ይባላል» ብሎ ማለፍን ለምጃለሁ። አሁን ግን «ይባላል» እያልሁ የማልፈው ብዙውን ጊዜ የገዛ ትዝታዬን ሆኗል። የተናገሩትን አስታውሳለሁ፤ እኔ የመለስሁትን ግን እጠራጠራለሁ።

ጡረታ ወጥቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ብቸና በተመለስሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ይመስለኛል፣ አያ አድማሱ ቤቴ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እግረ ቀላል ሰው ነበሩ። ጥሩንባቸውን በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ጠቅልለው እንደ ሕፃን በብብታቸው ይይዙታል። ሲቀመጡም መሬት አያስነኩትም፤ ጉልበታቸው ላይ ነው የሚያኖሩት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አሉ። «እኔ የምጣራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከመሞቱ በፊት የሚጣራውስ ማን ነው?»

«ሐኪም ይሆን?» አልሁ።

«ሐኪም በሽታን ነው። እኔ የምለው እሳትን ነው።»

ከዚያም ስለ ባለቤታቸው ነገሩኝ። ወይዘሮ ይታይሽ ከወገባቸው በታች ሰውነታቸው አልታዘዝ ካላቸው ዓመታት አልፈዋል። የሚኖሩት ደግሞ ጭድ ተራ ነው፤ በግራም በቀኝም የጤፍ ጭድ የተከመረበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ። አያ አድማሱ ለጥሪ ሲወጡ በሩን ከውጭ ገርበብ አድርገው ይሄዳሉ። መላውን ከተማ ዞረው እስኪመለሱ ድረስ ወይዘሮ ይታይሽ ብቻቸውን ናቸው።

«እየነፋሁ ስሄድ ዓይኔ ወደ ኋላ ነው» አሉኝ። «ጢስ ባየሁ ቁጥር የማን ቤት ጢስ እንደ ሆነ ካልለየሁ ትንፋሽ አይወጣልኝም። የእሳት አደጋ መኪና ሩቅ ነው፤ እስኪደርስ እኛው ነን። የየካቲትና የመጋቢት ነፋስ ሳይመጣ እድሩ የራሱ ሰዎች ይኑሩት። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ዕቅዱን ይጻፉልን።»

ጻፍሁ። መጻፍ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ መጨረስ ነው። የከተማውን ካርታ በቀለም እርሳስ ሣልሁ፤ ቦኖዎቹን፣ ጉድጓዶቹን፣ የነፋሱን አቅጣጫ አመለከትሁ። እሑድ እሑድ በእድሩ ቤት ተሰብስበን ስናነበው አያ አድማሱ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። አንድ ቀን ግን ካርታውን ትኩር ብለው አይተው፣ «መምህር፣ ሰዎቹስ የት አሉ?» አሉ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«መነሣት የማይችሉቱ።»

በካርታዬ ላይ ውሃ ነበረ፤ መንገድ ነበረ፤ ሰው አልነበረም። አያ አድማሱ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ የጣታቸውን አንጓ እየቆጠሩ፣ አልጋ ላይ የዋለውን፣ ዓይኑ የጠፋውን፣ አራስ የሆነችውን ከነቤቱ ይዘረዝሩ ጀመር። «ይህን እግሬ ያውቀዋል» ይሉ ነበር። ሠላሳ ዓመት በየበሩ አልፈዋልና ማን ወጥቶ እንደሚሰማ፣ ማን ተኝቶ እንደሚሰማ ለይተው ያውቃሉ። በእርሳቸው ሐሳብ ለእያንዳንዱ መነሣት ለማይችል ሰው ሁለት ሁለት ተሸካሚ ተመደበ። ለወይዘሮ ይታይሽ ሙሉቀንና ወንድሙ ሆኑ፤ የእንጨት ሥራ ቤታቸው እዚያው ጭድ ተራ አፍ ላይ ስለ ነበረ። ሙሉቀን ቃሬዛውን በልካቸው ሠራ።

ዝርዝሩ ሲያልቅ አያ አድማሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «እርስዎንስ ማን ያወጣዎታል?» አሉኝ። ጉልበቴ ያን ጊዜም ደረጃ ለመውጣት ያስቸግረኝ ነበር፤ የምኖረውም ብቻዬን ነው።

«እኔ ገና በእግሬ እሄዳለሁ» አልሁ። ድምፄ የተቆጣ ነበር መሰለኝ። እርሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ጥሩንባቸው መለሱ።

የተጋጨነው በመጥሪያው ነገር ነው። እሳት ሲነሣ ሕዝቡን በምን እንጥራው? እኔ ያለ ብዙ ማሰብ «በእድሩ ጥሩንባ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«አይሆንም» አሉ አያ አድማሱ።

«ለምን? ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።»

«ስለሚያውቀው ነዋ የማይሆነው።»

ክርክሩ ረዘመ። እኔ አዲስ ምልክት ማስተማር ጊዜ እንደሚወስድ፣ ያለውን መጠቀም ጥበብ እንደ ሆነ አስረዳሁ። ጉባኤው የተማረ ሰው ያከብራልና በእኔ ሐሳብ ጸና። ጥር ላይ፣ ከበዓላቱ በኋላ፣ የልምምድ ቀን ቆረጥን። በአራቱም ቀጠና ነገርን፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ አያ አድማሱ መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ነፉ።

እኔ ሰዓቴን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀብር እርምጃ። አንዱ ሽማግሌ ቀርበው በለሆሳስ፣ «ማን ነው ያረፈው?» አሉ።

«ማንም አላረፈም፤ የእሳቱ ልምምድ ነው» አልሁ።

«አዬ፣ እርሱስ ትናንት ተነግሮን ነበር» አሉ። «ጥሩንባውን ስሰማ ግን ጠፋኝ። እግሬ ዝም ብሎ ነጠላ ወደ ተሰቀለበት ሄደ።»

ከጎረቤቴ ከብርቱካን በቀር ውሃ የያዘ አልነበረም። ብርቱካን ጸጉር ቤት ያላት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። እርሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ በእጇ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች።

«ምነው ሁለቱንም?» አላት ሙሉቀን።

«እኔ ምን አውቄ? ከሞተም አለቅሳለሁ፣ ከተቃጠለም አጠፋለሁ። ምንም ቢሆን አልቀርም።»

ሕዝቡ ሣቀ፤ እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጭድ ተራ እንኳንስ ሊተርፍ፣ አመዱም ይበርድ ነበር። አያ አድማሱ አልሣቁም፤ «ብያችሁ ነበር» የሚል ቃልም ከአፋቸው አልወጣም። የጥሩንባውን አፍ በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉና ወደ ሰማዩ፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ተመለከቱ። «አንድ ወር አለን» አሉ።

በዚያው ሳምንት እርሳቸው ያሰቡት ተወሰነ፦ አራት የመኪና ቸርኬ በአራት ማዕዘን እንዲሰቀል፣ እንደ ትምህርት ቤት ደወል በብረት እንዲመታ፣ ለእሳት ብቻ እንዲሆን። ቸርኬዎቹን ከየጋራዡ ለምነው አመጡ። ሕዝቡ ድምፁን እንዲለይ በእድሩ ግቢ ሦስት እሑድ ተመታ፤ ሰው በብረት ድምፅ መሮጥን ተማረ። ቀሪው ነገር መስቀያውን ግንድ መትከል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የእኔ ድርሻ ይመጣል። ግንዶቹ የሚተከሉት በሕዝብ መንገድ ላይ ስለ ሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል አልሁ። ደብዳቤውን እኔ ልጽፍ ተስማማሁ። እስከዚያው ቸርኬዎቹ በእድሩ ቤት ይቆለፍባቸው አልሁ፤ ቁልፉንም ያዝሁ። ደብዳቤውን ጻፍሁ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር አልጥም አለኝና እንደገና ጻፍሁ፤ ከዚያም የአባሪውን ካርታ ላሻሽል ብዬ አቆየሁት። አያ አድማሱ በየሁለት ቀኑ ይመጡ ነበር። ከበሩ ላይ ቆመው፣ «መምህር፣ ደረሰልን?» ይላሉ።

«ነገ ወይም ከነገ ወዲያ።»

«ነፋሱ እኮ ተነሣ።»

«አያ አድማሱ፣ ነገር በሥርዐቱ ሲሆን ነው የሚጸና።»

«ልክ ነዎት» ይሉና ይሄዳሉ። እልኸኛ ሰው ቢሆኑ ይሻል ነበር። አክብሮታቸው ነው ያስተኛኝ።

በአንድ የገበያ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቤቴ ተቀምጬ ሳነብ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ጥሩንባ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ደወልም አይደለም። ብረት ብረትን ያለ ማቋረጥ ይመታል። ወጣሁ። ጭድ ተራ ላይ ጢስ ቆሟል። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፦ ጠዋት መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ማጥፋት የዘነጋች ሴት ገበያ ወጥታ ሳለ መብራቱ ተመለሰ። በብቸና ይህን ያላደረገ ሰው የለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

መስቀለኛው መንገድ ስደርስ አያ አድማሱ በወፍጮ ቤቱ የብረት በር ፊት ቆመዋል። ጥሩንባቸውን በሁለት እጃቸው በቀጭኑ ጫፍ ይዘው በሩን ይመቱበታል። ሠላሳ ዓመት መሬት ያላስነኩት ጥሩንባ ነው። አፉ ተጣሞ ተጣጥፏል፤ በእያንዳንዱ ምት ይበልጥ ይኮማተራል። ቸርኬዎቹ በእድሩ ቤት፣ የእድሩ ቤት ቁልፍ በእኔ ኪስ ነበረ። ቢነፉ ሕዝቡ ነጠላ ፍለጋ ይገባል። ስለዚህ ያላቸውን ብረት መቱ።

ሰውም ሮጠ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከገበያው በኩል ሴቶች በጀሪካን፣ በባልዲ፣ በድስት ጭምር ውሃ ይዘው በሩጫ አለፉን። ብርቱካን ከፊት ነበረች፤ ጸጉሯ የተጠቀለለ አንዲት ደንበኛዋ ከነቢጉዲኗ ትከተላት ነበር።

አያ አድማሱ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ፊታቸው ወደ ጢሱ፣ እጃቸው ወደ በሩ ነበረ። ጢሱ ከወይዘሮ ይታይሽ ቤት ጀርባ ነው የሚወጣው። እኔ አጠገባቸው ደርሼ፣ «ይሂዱ፤ እኔ እመታለሁ» አልኋቸው። እንዲህ ማለቴን አስታውሳለሁ።

መልሳቸውን ያለ ጥርጥር እጽፈዋለሁ። ሳይዞሩ፣ ሳያቋርጡ፣ «ይታይሽ ሁለት ሰው አላት። እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» አሉ።

ምን ያህል እንደ ቆየን አላውቅም፤ ያን ቀን ሰዓቴን አልያዝሁም። የምቱ ድምፅ እየደከመ፣ እንደገና እየበረታ ሄደ። ጢሱ ከግራጫ ወደ ጥቁር ተለወጠ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት መስሎኝ ቀረብ ብዬ ሰማሁ። እርምጃ ነበር የሚቆጥሩት። ከሙሉቀን ሥራ ቤት እስከ ራሳቸው በር፣ ከበሩ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ መንገዱ። ቆጥረው ይጨርሳሉ፣ ማንም አይወጣም፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቆጠራ ሙሉቀንና ወንድሙ ከመተላለፊያው ወጡ። ወይዘሮ ይታይሽ እርጥብ ጋቢ ተከናንበው ቃሬዛው ላይ ነበሩ፤ እጃቸው የቃሬዛውን ዘንግ ጨብጧል።

ያን ጊዜ አያ አድማሱ መምታቱን አቆሙ። ጣቶቻቸው ከጥሩንባው አልላቀቅ ብለው እኔ ነኝ አንድ በአንድ ያስለቀቅኋቸው። መሬት ላይ ተቀመጡና፣ «የሞተ ሰው አለ?» አሉ። አልነበረም። ቤቶች ተቃጠሉ፣ ክምሮቹ ሁሉ ዐመድ ሆኑ፤ ሰው ግን ተረፈ።

በቀጣዩ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ የተጨማደደውን ጥሩንባ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «ቸርኬዎቹ ለምን በቦታቸው አልነበሩም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለሁሉም ነበር፤ መልሱ ግን የእኔ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ እየነካካሁት ነበር። ልናገር አፌን የከፈትሁ ይመስለኛል። አያ አድማሱ ቀደሙኝ።

«ነፋሱ ቀደመን» አሉ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩም ታለፈ። እኔ አልተናገርሁም። በማግሥቱ ሙሉቀን አራቱንም ግንድ በአንድ ረፋድ ተክሎ ጨረሰ፤ ከልካይ አልመጣም። ደብዳቤው እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከዓመት በኋላ አያ አድማሱና ባለቤታቸው ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሞጣ ሄዱ። ሊሰናበቱኝ መጥተው ስለ ቁልፉ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም።

ለለቅሶው በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርጌ ሞጣ ደረስሁ። ወይዘሮ ይታይሽ አልጋቸው ከበሩ አጠገብ ነበር።

«እሱ ነው እዚህ ያስጠጋኝ» አሉኝ። «ከብቸና እንደ መጣን፣ ዕቃ እንኳ ሳንፈታ ወጣና ሰፈሩን ዞረ። ምን ልትፈልግ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ሁለት ሰው› አለኝ። አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ዲያቆን ይዞ ገባ። ቡና እንኳ ሳያስቀምጣቸው መጀመሪያ አልጋዬን አንሥተው እንዲሞክሩ አደረገ።»

ስለ እሳቱ ቀን ተነሣ። እኔም ሳላስበው፣ «‹ይሂዱ፣ እኔ እመታለሁ› ብያቸው ነበር፤ እምቢ አሉኝ» አልሁ።

ወይዘሮ ይታይሽ ዐይተውኝ ፈገግ አሉ። ክፋት የሌለበት ፈገግታ ነበር። «እሱስ ሲያጫውተን ሌላ ነበር የሚለው። ‹መምህር እያለከለኩ መጡና ‘ውይ አያ አድማሱ፣ ጥሩንባው ተሰበረ እኮ’ አሉኝ› እያለ ይሥቅ ነበር። ‹ደንግጠው ነው፤ የተማረ ሰው ሲደነግጥ ዕቃ ነው የሚታየው› ይላል።»

ሁለቱንም ብዬ ይሆን? አንዱን በአፌ ብዬ ሌላውን በኋላ በሐሳቤ ጨምሬው ይሆን? በሚኒባስ ስመለስ ደጋግሜ መረመርሁት። የእኔ ትዝታ እኔን ያስከብራል፤ የእርሳቸው ማንንም አልጠቀመም፤ አሥቋል እንጂ። በሙያዬ ከሁለት ምስክሮች የትኛውን ማመን እንደሚገባ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

ስወጣ ወይዘሮ ይታይሽ እጄን ይዘው፣ «እርስዎስ?» አሉኝ። «እስኪደክም ድረስ ይጠይቅ ነበር፤ ‹መምህርን ማን ያወጣቸዋል?› እያለ።»

ብቸና በገባሁ በማግሥቱ ዝርዝሩን አወጣሁ። ከወረቀቱ ግርጌ የራሴን ስም ጻፍሁ፤ ከአጠገቡ ያሉትን ሁለት ባዶ ቦታዎች አየሁ። ከዚያ ዱላዬን ይዤ ወደ ብርቱካን ጸጉር ቤት ሄድሁ።

«ምነው መምህር፣ ሊሠሩ ነው?» አለች።

«የሚሠራ ጸጉር የለኝም። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። እሳት ቢነሣ እኔን የሚያወጣ ሁለት ሰው እየፈለግሁ ነው።»

ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ሁለት? እርስዎንስ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ። መጻሕፍቱን ግን አልሸከምም።»

«ሁለት ነው ደንቡ።»

«ባለቤቴን እጨምራለሁ። ግን በርዎን እኮ ሁልጊዜ ከውስጥ ይቆልፋሉ። በምን ልንገባ ነው?»

ትርፍ ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ መስተዋቱ ጎን ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ስወጣ ነፋስ ነበር። ከእርሷ በር እስከ እኔ በር እየቆጠርሁ ተመለስሁ፤ ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው። ወይም ሠላሳ ሁለት፤ መካከል ላይ ጢስ አይቼ የማን ቤት እንደ ሆነ ስለይ ቆጠራው ጠፍቶኛል። ነገ ደግሜ እቆጥረዋለሁ።